እግራችን ውስጥ በደቂቃ ስንት ሊትር ደም ያልፋል? ከደንገጎ ዳገት በኋላ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እሑድ ከድሬዳዋ ተነስተን የደንገጎን ዳገት በብስክሌት ስንወጣ ግማሾቻችን መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ቀርተናል። የሁሉም አቤቱታ አንድ ነበር፦ «ትንፋሽ አለኝ፣ እምቢ ያለኝ እግሬ ነው።» ሥራዬ የሰውነትን አሠራር ማስተማር ነው። በወጣትነቴም ውጭ አገር፣ በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ የእግርን የደም ፍሰት በሚለካ ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። አንዳንድ ጊዜም የተለካው እግር የራሴ ነበር። ስለዚህ «ጥያቄ ያለው ይጠይቅ» አልኩ። ጥያቄው እንዲህ ይጎርፋል ብዬ ግን አላሰብኩም። ተመሳሳዮቹን አዋህጄ እነሆ መልሱ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከከዚራ፦ ለመሆኑ ዳገት ስንወጣ ወደ እግራችን የሚሄደው ደም ምን ያህል ነው?

ቁጭ ብለህ ቡና ስትጠጣ ልብህ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ትረጫለች። ከዚያ ውስጥ ለአንድ እግር የሚደርሰው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። እስከ አቅምህ ጥግ ስትጋልብ ልብህ 20 ወይም 25 ሊትር ትደርሳለች፤ በጽናት ስፖርት የበሰሉ አትሌቶች ከ35 ሊትር ያልፋሉ። ከዚህ ከአምስቱ አራት እጅ የሚሆነው ወደሚሠራው ጡንቻ ይሄዳል፤ ሆድና ኩላሊት ድርሻቸው ይቀነሳል። በደንብ በሠለጠነ ብስክሌተኛ አንድ እግር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ሊያልፍ ይችላል። በሁለቱም እግር ስታስበው ቢጫዋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደቂቃ ልትሞላ ምንም አልቀራት ማለት ነው። መላ ሰውነትህ ውስጥ ያለው ደም ግን 5 ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። ያው ደም ነው በደቂቃ ደጋግሞ የሚዞረው።

ከሳቢያን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፦ ደሙ ከቧንቧ ሳይወጣ ሊትሩ እንዴት ይለካል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ደሙን ቀጥታ የሚለካ የለም። የሚለካው ሌላ ነገር ነው፤ ሙቀት፣ ድምፅ፣ እብጠት ወይም ቀለም። ከዚያ በስሌት ወደ ሊትር ይመለሳል። እያንዳንዱ ዘዴ የሚሳሳተውም በዚያ በለካው ነገር በኩል ስለሆነ ይህን ያዝልኝ፣ ወደ ታች ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

በላብራቶሪያችን የምንሠራበት በቅዝቃዜ መለካት ነበር። ከብሽሽት በታች ባለው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይገባል። ጫፉ አካባቢ የሙቀት መለኪያ አለ። በቱቦው የቀዘቀዘ የጨው ውሃ በተወሰነ ፍጥነት ለጥቂት ሰከንዶች ይለቀቃል። ብዙ ደም እያለፈ ከሆነ ቅዝቃዜው ወዲያው ይዋጣል፤ ጥቂት ከሆነ ሙቀቱ ጎላ ብሎ ይወርዳል። እናትህ ለገላ መታጠቢያ በፈላ ውሃ ላይ አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ስትጨምር የምታየው ነገር ነው፤ በባልዲ ሲሆን ለውጡ ይታወቃል፣ በበርሜል ሲሆን አይታወቅም።

በቁጥር እንየው። 7 ዲግሪ የሆነ ውሃ በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ሂሳብ እየገባ፣ 37 ዲግሪ የነበረው ደም ወደ 36.5 ቢወርድ፦ ውሃው የሞቀው 29.5 ዲግሪ፣ ደሙ የቀዘቀዘው ግማሽ ዲግሪ ነው። 100 ሲባዛ በ29.5፣ ሲካፈል ለ0.5፣ 5,900 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ጥቃቅን ማስተካከያዎችን ትቼ ነው፤ ወደ 6 ሊትር ማለት ነው። ግማሽ ዲግሪዋን ማን በትክክል ያነባል የሚለው ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

ከለገሃር፦ አንድ ጽሑፍ ላይ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ጉልበት ብቻ ሲያራግጡ አየሁ። ይህ «ከባድ እንቅስቃሴ» ይባላል? ለምን አያስሮጧቸውም?

በዚህ ጥያቄ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የዘርፉ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው።

የሚሮጥ ሰው ጭን ውስጥ ቱቦ አስገብተህ ንጹሕ ልኬት ማግኘት ጭንቅ ነው። ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ቱቦው ይፈናቀላል፣ ዳሌም ባትም ጭንም በአንድ ላይ ስለሚሠሩ የተገኘው ሊትር የየትኛው ጡንቻ እንደሆነ አይታወቅም። በ1980ዎቹ ኮፐንሃገን ይሠሩ የነበሩት ስዊድናዊው ቤንግት ሳልቲንና ባልደረቦቻቸው ችግሩን ገልብጠው አዩት። መለኪያውን ለሩጫ ከማስተካከል፣ እንቅስቃሴውን ለመለኪያው እንዲመች አደረጉት። ሰውየው ይቀመጣል፤ ቁርጭምጭሚቱ ከኋላው ካለ ብስክሌት ጋር በዘንግ ይያያዛል፤ ጉልበቱን እየዘረጋ ይገፋል፣ መልሱን ማሽኑ ያመጣለታል። የሚሠራው የፊት ጭኑ ጡንቻ ብቻ ነው። ክብደቱም ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ከጉልበት በታች ያለው እግር በልኬቱ ሰዓት በሚነፋ ቀበቶ ይታሰራል፣ የባቱ ደም እንዳይቀላቀል።

ፐር አንደርሰንና ሳልቲን በ1985 ባሳተሙት ሥራ አንድ ኪሎ ጡንቻ በደቂቃ ወደ ሁለት ሊትር ተኩል ደም መቀበል እንደሚችል አሳዩ። ከዚያ በፊት ራዲዮአክቲቭ ዜኖን የተባለ ጋዝ ወደ ጡንቻ ተወግቶ የሚጠፋበት ፍጥነት እየታየ ይገመት የነበረው ቁጥር ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እስከ መጨረሻ ውሰዱት። በአንድ ጎልማሳ ውስጥ 30 ኪሎ ያህል ጡንቻ አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲህ በሩን ቢከፍት 75 ሊትር በደቂቃ ይጠይቃል። ከየት ይመጣል? የአትሌት ልብ እንኳ የዚህን ግማሽ ብትደርስ ነው። እንዲያ ቢሆን የደም ግፊታችን ወድቆ ዳገቱ ላይ ሳንደርስ አስፋልቱ ላይ እንዘረጋ ነበር። የማንወድቀው ነርቮች የሚሠሩትን ጡንቻዎች ሳይቀር የደም ሥር በመጠኑ ጨምድደው ስለሚይዙ ነው። በአንድ በኩል ጡንቻው ራሱ በሚያመነጫቸው ነገሮች ሥሩን ያሰፋል፣ በሌላ በኩል ነርቭ ያጠባል። ደንገጎ ላይ «እግሬ እምቢ አለ» ስንል አንዱ ምክንያት ይህ ድርድር ነው፤ እግሩ መቀበል የሚችለውን ያህል ደም አልተፈቀደለትም። ብቻውን ለሚራገጥ አንድ ጭን ግን ልብ ሳትጨነቅ የፈለገውን ትሰጠዋለች። ስለዚህ አዎ፣ ለዚያች ጡንቻ ከሩጫ ይልቅ ከባድ ነው። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ፤ ሲያልቅ ትንፋሼ ምንም አላለም፣ ከወንበሩ ለመነሳት ግን ሰው ደግፎኛል።

ከሐረር፣ የአልትራሳውንድ ባለሙያ፦ እኔ በየቀኑ ዶፕለር እሠራለሁ። በእሱ መለካት አይቻልም እንዴ? ቱቦ ከማስገባት ይሻላል።

ይቻላል፣ እጅግም ይሻላል፤ አሁን ብዙዎቹ የሚሠሩት በእሱ ነው። አንቺ የምታውቂውን ለሌሎች ላስረዳ። ገበሬ በመስኖ ቦዩ ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ ማወቅ ሲፈልግ የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ይለካል፣ ገለባ ጥሎ ፍጥነቱን ያያል፣ ያባዛል። ዶፕለርም ይኸው ነው። የጭኑ ደም ወሳጅ ወርድ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ገለባዎቹ ቀይ የደም ሕዋሶች ናቸው፤ ከእነሱ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ድምፅ የሞገድ ለውጥ ፍጥነታቸውን ይናገራል። በእረፍት በአማካይ በሰከንድ 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር የሚሄደው ደም፣ በዚያ የጉልበት ርግጫ ጥግ ላይ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ቧንቧው ራሱ እምብዛም አይሰፋም፤ የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው።

ችግሩ ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው ወርዱ ነው፤ 10 የሆነውን 9.5 ብለሽ ብታነቢ ስፋቱ በካሬ ስለሚሰላ መልሱ በ10 በመቶ ይጎድላል። ሁለተኛው አንግል ነው፤ ጨረሩ ደሙን በ60 ዲግሪ ሲያገኘው በ5 ዲግሪ ብቻ ብትሳሳቺ ፍጥነቱ በ15 በመቶ ይዛባል። ሕመምተኛሽ ጸጥ ብሎ ተኝቶልሽ ይህ ከሆነ፣ ጭኑን እያወራጨ ሲሆን አስቢው። አንድ ጊዜ ሙሉ ከሰዓት የተሠራ ልኬት በእኔ እጅ ተበላሽቷል፤ መሣሪያው ላይ አንግሉን ሳላስተካክል የስድስት ሰው መረጃ ሰብስቤ ነበር። አለቃዬ ምንም አልተናገረኝም፣ ቡና ብቻ ቀዳልኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ብትሞክሪው ደስ የሚል ነገር ታያለሽ። ጡንቻው ሲኮማተር ፍሰቱ ይቆረጣል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲላላ ግልብጥ ብሎ ይገባል። ስለዚህ የአንድ ምት ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ብዙ ርግጫዎችን አማክይ።

ከዩኒቨርሲቲ፣ የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ በርካሽ የሚሠራ ዘዴ አለ? ዶፕለርም ቱቦም የለንም።

አለ፣ ሽማግሌ ዘዴ ነው፤ መሠረቱ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ። ጭን ላይ የግፊት መለኪያ ቀበቶ አስረህ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ትነፋዋለህ። ይህ ግፊት ደም መላሹን ይዘጋል፣ ደም ወሳጁን ግን አያቆመውም። ደም ይገባል፣ አይወጣም፣ ባት ያብጣል። የእብጠቱ ፍጥነት የፍሰቱ ፍጥነት ነው። ባቱ ላይ የምትጠመጥመው የሚለጠጥ ክር ነው፤ በ1953 ዊትኒ የተባለ ተመራማሪ ሜርኩሪ የሞላው ቀጭን የጎማ ቱቦ ለዚህ አዋለ፤ ጎማው ሲለጠጥ የሜርኩሪው የኤሌክትሪክ መቋቋም ይጨምራል። አንተ ሜርኩሪ እንዳትነካ፤ ዛሬ ሌሎች የሚለጠጡ መለኪያዎች አሉ።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትባት ነገር፦ የዙሪያው ለውጥ በመቶኛ በ2 ሲባዛ ነው የይዘቱን ለውጥ የሚሰጠው። 36 ሳንቲ ሜትር ባት ከሥራ በኋላ በ6 ሰከንድ ውስጥ ዙሪያው በ5 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ከጨመረ፣ ያ 1.5 በመቶ ነው፤ ይዘቱ 3 በመቶ፣ በደቂቃ ሲሰላ 30 ሚሊ ሊትር ለየ100 ሚሊ ሊትር ሥጋ። ልኬቱ የሚሠራው ግን እግሩ ሲቆም ብቻ ነው። ፍሰቱ ደግሞ እንቅስቃሴ ካቆመበት ቅጽበት ጀምሮ ይወርዳል። ስለዚህ ጽሑፍህ ላይ «በእንቅስቃሴ ወቅት» ብለህ አትጻፍ፤ «ወዲያው እንዳቆመ» በል። ፈታኝህ እኔ ከሆንኩ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ከገንደ ቆሬ፦ የእጅ ሰዓቴ «የደም ዝውውር» የሚል ቁጥር ይሰጠኛል። ጭን ላይ የሚለጠፍ መሣሪያም አለ ይላሉ። ይታመናሉ?

ሰዓቱ በአረንጓዴ ብርሃን የቆዳህን የደም ምት ያያል። የልብ ምት ይቆጥርልሃል፤ በእግርህ ስለሚያልፈው ሊትር የሚያውቀው ነገር የለም። ጭን ላይ የሚለጠፈው ከዓይን የተሰወረ ቀይ ብርሃን ወደ ጡንቻው ልኮ፣ ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ያነባል። ይህ የገቢና የወጪ ልዩነት ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ደም አነሰ ወይስ ጡንቻው ብዙ በላ? መሣሪያው ለብቻው አይነግርህም። ከቆዳ በታች ስብ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ብርሃኑ ጡንቻው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ሌላም አለ፦ በ2020 በአሜሪካ ሆስፒታሎች መረጃ ላይ እንደታየው የጣት ኦክስጅን መለኪያዎች ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርገው የሚያነቡበት ጊዜ ይበዛል። እኛን የሚመለከት ነገር ነውና መሣሪያ ስትገዛ በማን ላይ እንደተፈተነ ጠይቅ።

ከመጋላ፦ አቦ፣ ይህ የድሬ ሙቀት እግራችንን አይጎዳውም? ሐረር ስንሮጥ እኮ ሌላ ሰው ነን።

ሁለት ነገር ነው የተቀላቀለው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ሐረር ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል እያንዳንዱ ሊትር ደም የሚሸከመው ኦክስጅን በትንሹ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለተመሳሳይ ሥራ እግር ትንሽ ተጨማሪ ደም ይፈልጋል። በከፍታው ብቻ ከሆነ ሐረር መክበድ ነበረባት። የሚያቀልላችሁ ቅዝቃዜው ነው።

ሙቀት ላይ ቆዳ እንደ ሁለተኛ እግር ሆኖ ይመጣል፤ ሰውነት እጅግ ሲግል በደቂቃ ከ6 ሊትር በላይ ደም ሊወስድ ይችላል። ላብ ደግሞ ደሙን ይቀንሰዋል። በ1998 ጎንዛሌዝ አሎንሶ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሙቀት ውስጥ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎችን ለክተው ነበር፤ ውሃ ያልጠጡት ላይ ልብ የምትረጨው ሲያንስ የእግራቸውም ፍሰት ቀነሰ፣ ውሃቸውን የተኩት ላይ ግን ጸና። በሚያዝያና በግንቦት ድሬ ላይ የምትሮጡ፣ ጎሕ ሲቀድ ውጡ፣ ውሃ ያዙ። ሌላ መድኃኒት የለውም።

ስሜን አትጻፉ ያለ ጠያቂ፦ ጫት ቅሜ ማታ ብሮጥ ጉልበት የሚሰጠኝ ይመስለኛል።

ይመስልሃል፤ ልክ ነህ፣ ይመስላል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚዛመድ ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የደም ሥርም ያጠባል፤ የልብን ሥሮች ሳይቀር። በዚያ ላይ ድካምን ይሸፍናል፣ የምግብና የውሃ ፍላጎትን ያጠፋል። ከላይ በነርቭ ስለሚጨመደደው ሥር ያልኩትን አስታውስ፤ አንተ ለዚያኛው ወገን እያገዝክ ነው። ባህሉን አልነቅፍም፣ እዚሁ ነው ያደግሁት። ግን መቃምና መሮጥ በአንድ ቀን አይሁኑ።

ከሐረር ጁገል፣ መምህርት፦ አባቴ ከግድር መጋላ ወደ ፈረስ መጋላ ሲመለሱ መንገድ ላይ ባታቸውን ጨምድዶ ያስቆማቸዋል። ጥቂት ሲያርፉ ይተዋቸዋል። እርጅና ነው ይላሉ።

እርጅና ብለው አይተዉት። ሲሄዱ የሚመጣ፣ ሲቆሙ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠፋ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ርቀት ጠብቆ የሚመለስ የባት ሕመም የእግር ደም ወሳጅ መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ያጨሱ ከነበረ ወይም ስኳር ካለባቸው የበለጠ ያሳስባል።

ምርመራው ቀላል ነው። ተኝተው የክንዳቸው ግፊት ይለካል፣ ከዚያ በትንሽ ዶፕለር የቁርጭምጭሚታቸው። የእግሩ ለክንዱ ይካፈላል። ክንድ 130፣ ቁርጭምጭሚት 90 ቢሆን 0.69 ይመጣል። ከ0.9 በታች ከሆነ ጥበት አለ ይባላል። ከ1.4 በላይም ደህና አይደለም፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ሥር ደርቆ አልታጠፍ ሲል እንዲያ ይወጣል። ተኝተው ደህና ከሆነ ተራምደው ወይም ተረከዛቸውን ደጋግመው አንስተው ወዲያው እንደገና ይለካላቸው፤ የተደበቀ ጥበት በሥራ ሰዓት ነው የሚታየው። ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት እንዳለ ሆኖ፣ እስኪያማቸው ተራምዶ፣ አርፎ፣ እንደገና መራመድ ራሱ ሕክምና ነው። ጣታቸው ከጠቆረ፣ ቁስል ካልሻረላቸው ወይም ተኝተውም የሚያማቸው ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይውሰዷቸው።

ከከዚራ፣ የብስክሌት ተወዳዳሪ፦ እኔ ግራ እግሬ ብቻ ነው ሙሉ ጉልበት ስሰጥ የሚሞተው። ተመርምሬ ደህና ነህ ተባልኩ።

አልጋ ላይ ተኝተህ ነው የተመረመርከው? እንግዲያው የተመረመረው የተኛ እግር ነው። ለዓመታት አጎንብሰው በሚነዱ ብስክሌተኞች ላይ፣ ሆድና ጭን በሚገናኙበት ያለው ደም ወሳጅ ግድግዳው እየወፈረ ሊጠብ እንደሚችል ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በእረፍት ሁሉም ደህና ይመስላል፤ በከፍተኛ ጥረት ላይ ብቻ ይጋለጣል። ሐኪምህን ከአቅምህ ጥግ ጥረት በኋላ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ የሁለቱም ቁርጭምጭሚት ግፊት እንዲለካልህ ጠይቀው። የወገብ ነርቭም ተመሳሳይ ነገር ሊያደርግ ስለሚችል ለራስህ ፍርድ አትስጥ።

ከአሸዋ፦ ውድድር ጨርሰው እንዳቆሙ የሚወድቁት ለምንድን ነው?

ስትሮጪ እያንዳንዱ እርምጃ የእግርሽን ደም መላሾች እየጨመቀ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ባት ሁለተኛ ልብ ነው ማለት ይቻላል። ድንገት ስትቆሚ ያ ግፊት ይቆማል፣ ሥሮቹ ግን ገና እንደሰፉ ናቸው። ደሙ እግር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጭንቅላት ይጎድልበታል። ከመስመሩ በኋላ ተራመጂ። የወደቀውን ሰው ደግሞ ደግፋችሁ አታቁሙት፤ አስተኙትና እግሩን ከፍ አድርጉለት።

ከሳቢያን፦ ጠባብ የስፖርት ካልሲስ?

ለረጅም ጉዞና ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው እብጠት ይቀንሳል። ያፈጥነኛል ብለህ ከሆነ ገንዘብህን ለጫማ አውለው።

ከብዙዎች፦ በእኛስ ላይ መቼ ይሠራልን?

ቱቦ የሚያስገባ ሰው አትፈልጉ፤ ያ የላብራቶሪና የሐኪም ሥራ ነው። የቁርጭምጭሚቱን ግን እንሞክራለን። የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከዚራ፣ እንደተለመደው ዛፎቹ ሥር። የእጅ ዶፕለር እኔ አመጣለሁ፣ ሁለት የግፊት መለኪያ ያለው ሰው ይተባበረን። መጀመሪያ ተኝታችሁ፣ ከዚያ መንገዱን ሁለት ጊዜ በሙሉ ኃይል ሮጣችሁ እንለካለን። ምንጣፍ አምጡ፤ ካልሲ የምታወልቁ ስለሆነም ንጹሕ እግር ይዛችሁ ኑ።